አማቷ የለኩት ዳገት

መነጽር ሠሪዋ አማቷን መጠርጠር የጀመረችው ደግ የሆኑላት ዕለት ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «ደክሞሻል፣ አረፍ በይ» ብለዋት አያውቁም። አንድ እሑድ ከሰዓት ድንገት ቤቷ መጡና ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ፣ «ለዚያ ውድድር እኔ አዘጋጅሻለሁ» አሏት። ባሏ በደስታ ከመቀመጫው ብድግ አለ። እሷ ግን የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ፊታቸውን አጠናች። ከመሬት ተነስተው?

«የቱ ውድድር?» አለች፣ ያልገባት መስላ።

«የተመዘገብሽበት ነዋ! ልጄ ነገረኝ። ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፤ ሦስት ዳገት ያለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዬ እየተከተልኩ አሠራሻለሁ።»

«እንዳይደክምዎት ብዬ ነው፣ እማማ…»

«እኔን ምን ያደክመኛል? ጡረታ የወጣሁት ከሥራ ነው፤ ከሰውነቴ ማን ጡረታ አወጣኝ?»

ሴትየዋ ሙያውን ያውቁታል፤ በዚያ አትጠረጥራቸውም። ሠላሳ ዓመት በከተማው የመዋኛ ገንዳ ዋና አስተምረዋል። ፊሽካ ካንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ተማሪዎቻቸው «እትዬ ፊሽካ» ይሏቸው ነበር። ዛሬ የልጆች አባት የሆኑት እንኳ መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ወገባቸውን ቀጥ ያደርጋሉ። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ሊፍት ጠጋኝ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ፎቅ ለፎቅ ሲንጠለጠል ይውላል።

መነጽር ሠሪዋ ልጁን ሳታገባ በፊት እሳቸው ዘንድ ዋና ልትማር ሄዳ ነበር። ጥልቁ ጋ ስትደርስ ፈራችና በአራተኛው ቀን ቀረች። በሠርጓ ዕለት ታዲያ አማቷ ለአንዲት ዘመድ «ልጅቷ መልካም ናት፤ ችግሯ የጀመረችውን አትጨርስም» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። ዋናውን በኋላ ሌላ ቦታ ተማረች። ነገሩን ግን በሆዷ ይዛ ኖረች።

ውድድሩን ያመጣባት አንድ ደንበኛ ነው። መነጽር ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሌንስ እየሞረደች ፍሬም ላይ ትገጥማለች። ሰውዬው በዓይኑ ልክ የተሠራ የዋና መነጽር ፈልጎ መጣ። እስኪደርስለት ድረስም ግድብ ውስጥ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሜትር ዋኝቶ፣ ዘጠና ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድቶ፣ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ አጫወታት።

«ግማሽ ርቀት ነው የሚባለው» አላት።

«ግማሹ ይሄ ከሆነ ሙሉው የቀብር ነው በለኛ!»

ሰውዬው ስቆ፣ የዚህ ውድድር ክፋቱ ዳገቱ እንደሆነ፣ ብዙ ሰው ሦስተኛው ዳገት ላይ ብስክሌቱን ጥሎ እንደሚቀመጥ፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ ያልጨረሰም እንደሚሰረዝ ነገራት። መነጽሩን ይዞ ሄደ። እሷ በማግሥቱ ተመዘገበች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወደ ሥራ በብስክሌት ትመላለሳለች፣ እሑድ እሑድ ትሮጣለች።

አማቷ ሥራውን በዋና ጀመሩ፤ እዚያ ላይ ምንም እንከን አላገኘችባቸውም። አተነፋፈሷን አስተካከሉላት። ከገንዳው ዳር እየተራመዱ «ክንድሽን ዘርጊው! ውሃው አይነክስሽም!» እያሉ ይጮኻሉ። በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ሺህ ሜትር ሳትቆም ዋኘች። ቤት ስትገባ ለባሏ «እናትህ እኮ ጎበዝ ናቸው» አለችው፤ ወዲያው ደግሞ ይህን ማለቷ አናደዳት።

ጥርጣሬው የተመለሰው ብስክሌት ላይ ሲደርሱ ነው። አማቷ ገና ከመጀመሪያው «ሰዓትሽን አምጪ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ሰዓቴን ለምን?»

«ዳገት በእግር ነው የሚታወቀው። አንቺ ዓይንሽን ሰዓት ላይ ተክለሽ ልብሽን ታቃጥያለሽ። የምለካው እኔ ነኝ።»

ሰዓቱን ከእጇ ፈትተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቀጥሎ ምክሩ መጣ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሰው ሁሉ ቢያልፍሽ ዝም በይ። ሁለተኛው ላይ ከጎንሽ ካለ ሰው ጋር ወሬ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ቀላሉን ማርሽ አስገቢ፤ አትነሺ፤ አትታገዪ። ሜዳው ላይ ብዪ፣ ጠጪ። ዘጠናውን ኪሎ ሜትር ስትጨርሺ ገና ሃያ አንድ አለብሽ።

«እንዲህ ቀስ ካልኩማ ስምንት ሰዓቱ ያልቅብኛል፣ እማማ።»

«አያልቅብሽም። ሰዓቱን ለኔ ተዪው አልኩሽ እኮ!»

ለምን ለሳቸው ትተወው? ነገሩ አልጥም አላት። ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ታሰላዋለች። ቀስ በይ የሚላት ሰው ወይ አዋቂ ነው፣ ወይ ወደኋላ እንድትቀር የሚፈልግ ነው። አማቷ የቱ ናቸው?

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሦስተኛው ዳገት ላይ ሙጭጭ አሉ። ሌሎቹን ሁለቱን አንድ አንድ ቀን አሳዩዋትና ተዋቸው። በየቅዳሜው ሦስተኛው፤ ሦስቴ ወደ ላይ፣ ሦስቴ ወደ ታች። አምስት ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ለከተማው ውሃ የሚገፋ የፓምፕ ጣቢያ አለ፤ ግራጫ ቤት፣ የሽቦ አጥር፣ ሲያጓራ የሚውል ሞተር። አማቷ መኪናቸውን አጥሩ ሥር ያቆማሉ። የሟች ባላቸውን የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው፣ ከዚያ ሆነው ታችኛው ድልድይ ላይ ስትዞር እንደሚያዩዋት፣ ያን ጊዜ የሩጫ ሰዓታቸውን እንደሚጫኑ ነግረዋታል። እሷ እያለከለከች የመጨረሻውን ጥምዝ ስታልፍ፣ እሳቸው መንገዱ ዳር ቆመው፣ ሰዓታቸውን ጫን አድርገው፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

«ሃያ ስድስት ከሃያ። ጎበዝ!»

ሃያ ስድስት ደቂቃ ለዚያ ዳገት ለሷ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ደስ አላት። ሁለተኛው ቅዳሜ ሃያ ስድስት ከአሥር፣ ሦስተኛው ሃያ ስድስት ከሃያ አምስት ሆነ። ስትደክምም ሃያ ስድስት፣ ሲቀናትም ሃያ ስድስት። እሷ የግማሽ ዲግሪ ስህተት ሰውን ራስ እንደሚያሳምም የምታውቅ ሴት ናት፤ ሁሌ አንድ ዓይነት የሚመጣ ቁጥር አይዋጥላትም።

በአራተኛው ቅዳሜ ውሃ ልታነሳ የመኪናውን በር ስትከፍት የሩቅ ማያው መነጽር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አየች። ከሁለት ወር በፊት አማቷ «ጭጋግ ይዞታል» ብለው ሰጥተዋት ያጸዳችው እሷ ራሷ ናት። አጽድታ ስትጨርስ እንዳይጫር ብላ ሁለቱ ሌንሶች ላይ ሰማያዊ መከላከያ ፕላስቲክ ለጥፋበት ነበር። አነሳችው። ሰማያዊው ፕላስቲክ እንዳለ ነው። ጥፍር እንኳ አልነካውም።

በዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ድልድይ ቀርቶ የገዛ እጅንም ማየት አይቻልም።

መነጽሩን በቦታው መለሰችው። ጆሮዋ ጋለ። ለባሏም አልነገረችውም፤ «እናትህ ይዋሹኛል» ብሎ ዓረፍተ ነገር የጀመረች ሚስት እንዴት እንደምትጨርሰው አታውቅም። ሳምንቱን በሙሉ ሌንስ እየሞረደች ነገሩን አገላበጠችው። መልሱ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፍባታል። ፈጣን ነሽ ይሉኛል፣ እኔ አምኜ ውድድሩ ቀን በዚያ ልክ እወጣለሁ፣ ዳገቱ ላይ እቃጠላለሁ፣ ሩጫው ላይ እዘረራለሁ። ከዚያ ለዘመድ ሁሉ «አላልኳችሁም?» ይላሉ። እንዲህ ስታስብ መሞረጃው ላይ የያዘችው ሌንስ ጠርዙ ተሸረፈባት። በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም።

አምስተኛው ቅዳሜ ፈተነቻቸው። ዳገቱን አጋምሳ ከመንገዱ ወጣች፣ ብስክሌቷን ደገፍ አደረገችና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሙዝ በላች። እስከ ሦስት መቶ ቆጠረች። ከዚያ ተነስታ ቀስ ብላ ወጣች። አማቷ መንገዱ ዳር ቆመዋል።

«ስንት?» አለች፣ ትንፋሿን እየዋጠች።

«ሃያ ስድስት ከአምስት! አየሽ፣ ካለፈው ቀንሰሻል!»

ፈገግ አለችላቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት እጅ ከፍንጅ ልትይዛቸው ቆረጠች። ከድልድዩ በስተጀርባ የውሃ ቧንቧውን ተከትሎ የሚወጣ የጠጠር መንገድ አለ፤ አጭር ግን ቀጥ ያለ ነው። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለተኛውን ዙር ልትጀምር ወደ ታች ወረደችና ድልድዩ ላይ ስትደርስ በዚያ ታጠፈች። ብስክሌቷን እየገፋች፣ ጫማዋ እየተንሸራተተ፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ከፓምፕ ጣቢያው በስተኋላ ብቅ አለች።

መኪናው ባዶ ነው። መንገዱ ዳር ሰው የለም። ሞተሩ ያጓራል። ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ በተከፈተው የኋላ በር አንገቷን አስገብታ አየች።

አማቷ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለዋል። ጭናቸው ላይ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። አንድ ሸበቶ፣ ረጅም ሰው፣ የሥራ ቱታ የለበሱ፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የግፊት መለኪያዎች ፊት ቆመው ቁጥር ይጠራሉ።

«አራት ነጥብ ሁለት።»

«ነጥብ ሁለት ነው ነጥብ ሦስት? መርፌውን በደንብ እይ እንጂ!» አሉ አማቷ።

«ነጥብ ሁለት፣ እመቤቴ።»

«እሺ፤ ሁለት። ቀጥል።»

ሰውየው ዘወር ብለው የሆነ ነገር በዝግታ አሉ፤ አማቷ ሳቁ። መነጽር ሠሪዋ በስድስት ዓመት ውስጥ ያንን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። አፍ ሳይሸፈን፣ ትከሻ ድረስ የሚነቀንቅ ሳቅ ነው። የውሃውን ግፊት በነጥብ ይጽፋሉ፤ የሷን ሰዓት በግምት።

በሩን በጣቷ አንኳኳች።

አማቷ መዝገቡን ይዘው ብድግ አሉ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የገዛ ባዶ እግራቸውን አዩ። «ሃያ ስድስት…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ያዙ።

«ይበሉ እንጂ፣ እማማ። ከስንት ልበል? ከአሥር? ከሃያ?»

ሰውየው መሐረባቸውን አውጥተው እጃቸውን ጠረጉ። «ተቀመጪ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

«ያንተ አይደለም» አሉ አማቷ። ተቀምጠው ጫማቸውን ማድረግ ጀመሩ፤ ማሰሪያውን ግን መቋጠር አቃታቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የፓምፑ ተቆጣጣሪ ሚስታቸውን ያጡት ከዓመታት በፊት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ሲገፉ ኖረው መዋኘት አለማወቃቸው አሳፍሯቸው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ገንዳው ድረስ ሄደው ተመዘገቡ። የእትዬ ፊሽካ የመጨረሻ ተማሪ ሆኑ። አማቷ ጡረታ ሲወጡ ወሬው በስልክ ቀጠለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተቆጣጣሪው ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፤ በየግማሽ ሰዓቱ መለኪያውን ስለሚያነቡ ከጣቢያው ንቅንቅ አይሉም። አማቷ ደግሞ ቅዳሜ በሄዱ ቁጥር ልጃቸው «የት ነበርሽ፣ እማዬ?» ይላቸዋል።

«ውድድርሽ ምክንያት ሆነልኝ» አሉ አማቷ አንገታቸውን ደፍተው። «ዳገቱን ስሰማ… እዚሁ መሆኑን ስሰማ ዘለልኩ።»

«እኔ ደግሞ ሊገድሉኝ ነው ብዬ ነበር።»

«ምን?»

«በውሸት ሰዓት አሞኝተው፣ ዳገቱ ላይ አቃጥለው፣ ሰው ፊት ሊያዋርዱኝ።»

አማቷ ቀና ብለው አዩዋት። ሲቆጡ የምታውቀው ፊታቸው አልነበረም። «ይህን ያህል ክፉ አርገሽ ነው የምታስቢኝ?»

«ምን ላድርግ? ሌላ ምን እንዳስብ ተዉልኝ?»

ያን ዕለት ሦስተኛውን ዙር የምር ተለካች። አማቷ ፕላስቲኩን ልጠው፣ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ደግነው፣ ድልድዩ ላይ ስትዞር ሰዓታቸውን ተጫኑ። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አዩት።

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ አንድ ከአርባ።» ደብተሩን ገለጡ። «በኔ ሒሳብ ብትሄጂ ኖሮ… ልጄ፣ ሩጫው ላይ ትወድቂ ነበር።»

«ያልኩትም ይህንኑ ነበር እኮ» አለች።

መኪናው ኮፈን ላይ ደብተሩን ዘርግተው አዲስ ዕቅድ አወጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዳገቶች የልብ ምቷ ከመቶ አርባ ሳይበልጥ፣ ሦስተኛውን ከመቶ ሃምሳ ሳይበልጥ፤ ሩጫውን በኪሎ ሜትር ሰባት ደቂቃ። የልብ ምት የሚቆጥረውን ሰዓቷን ከቦርሳቸው አውጥተው መለሱላት። ሲለያዩም እጇን ያዙና «ለልጄ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ከውድድሩ በኋላ። እስከዚያ አደራ» አሏት። እሺ አለች። ወዲያው ቆጫት።

እስከዚያ ድረስ ጠርጣሪዋ እሷ ነበረች። አሁን ተራው የባሏ ሆነ። ሊፍት ጠጋኝ ጆሮው ክፉ ነው፤ ገመዱ ሲላላ ከሦስት ፎቅ በታች ይሰማዋል። እናቱና ሚስቱ እሱ ሲገባ ወሬ እንደሚያቆሙ ልብ አለ። ስድስት ዓመት በጨዋ ደንብ የተፈራሩ ሴቶች ወጥ ቤት ውስጥ ሲንሾካሾኩ አገኛቸው። እናቱ አዲስ ሻርፕ ገዝተዋል።

«እማዬን አሟት ነው?» አላት አንድ ቀን፣ ጥርሱን እየፋቀ።

«ኧረ! ማን አለህ?»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትደብቁኝ?»

«ምንም።»

«ዳገት ላይ ለመቆም ሽቶ ይቀባል እንዴ?»

«የሴት ነገር ነው፤ ተወን» አለችው። ጥርሱን መፋቁን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ በኋላ እስከ ውድድሩ ዋዜማ ድረስ ያናገራት ስለ አስፈላጊው ነገር ብቻ ነበር፤ ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ቆልፊው። አልጋው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ይተኛል። እውነቱን ልትነግረው አፏ ላይ ይደርሳል፤ «አደራ» ያሉት ቃል ይይዛታል። ስለሌላ ሰው ምስጢር ስትል በገዛ ቤቷ ውሸታም ሆነች።

የውድድሩ ጠዋት ግድቡ ላይ ጭጋግ ነበር። ዋናውን በአርባ ስምንት ደቂቃ ጨርሳ ስትወጣ ጥልቁን ረስታው ነበር። ብስክሌቷ ላይ ወጣች። የመጀመሪያው ዳገት ላይ እንደተባለው ሰው ሁሉ አለፋት፤ አንድ ቦርጫም ሽማግሌ ሳይቀር «አይዞሽ!» ብለዋት አለፉ። የልብ ምቷን አየች፤ መቶ ሠላሳ ሰባት። ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ሁለተኛው ላይ ከአንዲት ነርስ ጋር ስለ ጫማ እያወሩ ወጡ። ሜዳው ላይ በላች፣ ጠጣች። ሃምሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ እነዚያ ያለፏት ሰዎች አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ።

ሦስተኛውን ዳገት ድልድዩ ላይ ዞራ ያዘችው። ሽማግሌው ብስክሌታቸውን እየገፉ ነበር፤ «አይዞዎት!» አለቻቸው። መቶ አርባ ስምንት። እግሯ ይቃጠላል፣ ትንፋሿ ግን ልክ ነው። አማቷ ጫፉ ላይ ከሰውየው ጋር እንደሚቆሙ ነግረዋታል፤ ባሏ ደግሞ መጨረሻው ላይ ይጠብቃታል። የመጨረሻውን ጥምዝ ስታልፍ ቀና አለች።

ሦስት ሆነው ቆመዋል።

አማቷ በአንድ በኩል፣ ቱታ የለበሱት ሰው በሌላ በኩል፣ መሐላቸው ባሏ። ሊያስደስታት ሳይነግራት መምጣቱ ነው፤ በእጁ ስሟን የጻፈበት ካርቶን ይዟል፤ ካርቶኑ ግን ወደ መሬት ተዘቅዝቋል። ማንም አያጨበጭብም። ተቆጣጣሪው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሆነ ነገር እየተናገሩ ነው። ባሏ አንገቱን አዞረና አያት። ያ ዐይን ምን እንዳለ አልገባትም። ሰዓቷ መቶ ስልሳ ስምንት አለ።

«ልብሽን ያዢ!» ብለው ጮኹ አማቷ። «ወደኋላ አትዪ! ሂጂ!»

ልትቆም ፔዳሉን ለቀቀች። ሁለት ሴኮንድ ያህል። ከዚያ መልሳ ረገጠችውና አለፈቻቸው።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ነፋሱ ዓይኗን አስነባት፤ ነፋሱ መሆኑን ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ ከፊቷ ነው፤ ከኋላዋ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም። ተጣሉ? ሰውየውን መታቸው? ሁላችንንም ትቶ ሄደ? ቶሎ ደርሳ ልትሰማ እግሯ በራሱ ይሽቀዳደማል፤ ሰዓቷን አይታ መልሳ ታረጋጋዋለች። እንደዚያን ቀን በትዕግሥት ነድታ አታውቅም።

ሩጫው ግድቡን ሦስት ጊዜ የሚዞር ነው። የመጀመሪያው ዙር ማብቂያ ላይ አማቷ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እሱ የት ነው?»

«ሰባት ደቂቃ! በዚሁ ያዢው!»

«እማማ፣ የት ሄደ?»

«ሩጪ አልኩሽ!»

ሁለተኛው ዙር ላይ ባሏ ተገኘ። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከዛፍ ሥር ቆሟል። ስትደርስ ከጎኗ መሮጥ ጀመረ፤ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከሦስት… ሳምንት።»

«ሦስት ሳምንት! እኔ ካንሰር ይዟት ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ! ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስጠይቅ!»

«አደራ ብለውኝ…»

«እኔ ባልሽ አይደለሁም?»

ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አስተናባሪ ከኋላቸው ጮኸ፤ «ወንድም! ከተወዳዳሪ ጎን መሮጥ ክልክል ነው! ታስወጣታለህ!»

ባሏ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልትመለስለት ዞር አለች። «ሂጂ፣ ሂጂ» አላት በእጁ እየገፋ፣ በንዴት፤ «ለዚህ ሁሉ ካልጨረስሽውማ አልምርሽም!»

የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች እንዴት እንደሮጠች በደንብ አታስታውሰውም። ነርሷን እንዳለፈቻት፣ ቀኝ እግሯ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ እንደ ድንጋይ እንደከበዳት፣ አንድ ቦታ ላይ ጮክ ብላ ቁጥር ትቆጥር እንደነበር ታስታውሳለች። በሰባት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ ገባች። ከጨረሱት ሰማንያ አራት ሰዎች ሃምሳ ሦስተኛ ሆነች። እናትና ልጅ ግራና ቀኝ፣ ተራርቀው፣ ሳይተያዩ ይጠብቋት ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደገፏት፤ እሷን ለመያዝ ሲሉ ተቀራረቡ።

መኪናው ውስጥ ባሏ ይነዳል፣ አማቷ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከተማው መታየት ጀመረ።

«ሰውዬው ምን አለኝ መሰለሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ስሜን እንኳ ሳይጠይቀኝ፤ ‹እናትህን ላገባ እፈልጋለሁ፤ ከሷ በፊት አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው› ይለኛል።»

«ከእኔ በፊት?» አሉ አማቷ ከኋላ። «እኔንማ ገና አልጠየቀኝም!»

መነጽር ሠሪዋ ልትስቅ ሆዷን ያዘች፤ አመማት። ባሏ አልሳቀም። «ማግባትሽ አይደለም የከፋኝ፣ እማዬ» አለ። «ሞኝ አደረጋችሁኝ። ሁለታችሁም።»

«እውነትህን ነው» አሉ አማቷ። ሌላ ሰበብ አልጨመሩም።

ወር ያህል አኮረፈ። ከሚስቱ ጋር ቀስ በቀስ ታረቀ፤ ከእናቱ ጋር ትንሽ ቆየ። በመሐሉ ግን ስለ ተቆጣጣሪው ሲያጣራ ከረመ። የት እንደኖሩ፣ ከማን ጋር እንደሠሩ፣ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቀ። ምንም መጥፎ ነገር ስላላገኘ ይብስ ጠረጠራቸው። «ምንም ጉድ የሌለበት ሰው አለ?» ይላታል። አንድ ቅዳሜ ግን ማንም ሳይልከው የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ወጣና ከሰዓት ተመለሰ። እጁ እስከ ክርኑ ቅባት ነበር።

«የት ነበርክ?» አለችው።

«ያ ሁለተኛው ፓምፕ ድምፁ ልክ እንዳልሆነ የውድድሩ ቀን ሰምቼው ነበር፤ እውነትም የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። ጋሼ ሰምተው ዝም ብለውት ኖሯል።»

ሰውዬው ጋሼ መሆናቸውን ልብ አለች፤ ለሱ ግን አልነገረችውም።

ተቆጣጣሪውና እትዬ ፊሽካ በዓመቱ ተጋቡ። ማዘጋጃ ቤት የሄዱት አራት ሆነው ነው። መነጽር ሠሪዋ በአማቷ በኩል ምስክር ሆና ስትጠራ፣ ጸሐፊዋ ብዕሩን ዘርግታላት እየጠበቀች፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀኑን፣ ዕድሜውን፣ የመታወቂያውን ቁጥር እያንዳንዱን አመሳከረች።

«ምን እየፈለግሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ አማቷ።

«ምንም፣ እማማ» አለችና ፈረመች።